ሞተር ሲቀየር ዋየሪንጉ ይቆረጥ ወይስ ይፈታ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ አንዳንዴም ወደ መተማ የምትሠራ ቶዮታ ሃይስ፣ በተለምዶ አባዱላ የምንላት ሚኒባስ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 2.5 ሊትር ቱ ኬዲ ናፍጣ ነው። ዘይት መብላቱና ጉልበት ማጣቱ ስለባሰበት እንዲቀየር ተወስኖ፣ ተመሳሳይ ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ አስጭኜ አምጥቻለሁ። ሞተሩ ግን የመጣው ገመዶቹ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርተውለት፣ የቀረው ተቆርጦ ነው። መካኒኬ የእኔንም ገመድ በዚያው ልክ ቆርጠው፣ ቀለሙን ከቀለሙ እያገጣጠሙ በመቀጠል በአንድ ቀን እንደሚጨርሱ ነግረውኛል። አንድ የማውቃቸው ኤሌትራውቶ (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ) ደግሞ ምንም ገመድ መቆረጥ እንደሌለበት፣ የራሴ ዋየሪንግ፣ ማለትም የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመዶች እስር፣ እንዳለ ወጥቶ በአዲሱ ሞተር ላይ መልበስ እንዳለበት ይናገራሉ፤ ይህ ግን ተጨማሪ ቀንና ገንዘብ ይጠይቃል። መኪናዋ በቆመች ቁጥር የቤተሰቤ መተዳደሪያ ይቆማል። የማንን ልስማ? የሚፈታ ከሆነስ ከየት ተጀምሮ እንዴት ነው የሚወጣው?

የሚኒባስ ባለንብረት፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኤሌትራውቶውን ይስሙ፤ የመኪናዎ ዋየሪንግ መቆረጥ የለበትም።

ይህን ስንል የመካኒክዎን ሙያ ለማሳነስ አይደለም። በቀድሞዎቹ ዶልፊኖች ላይ ባሉት በቱ ኤል፣ በስሪ ኤልና በፋይቭ ኤል ሞተሮች የናፍጣው ፖምፓ የሚሠራው በሜካኒካል መንገድ ስለሆነ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ገመዶች ጥቂት ናቸው። የዲናሞው፣ የሞተሪኖው፣ የካንዴላዎቹ፣ የዘይትና የሙቀት አመልካቾቹ፣ እንዲሁም ናፍጣውን የሚዘጋው ሶሌኖይድ ገመዶች ከተቆጠሩ ብዙ የሚቀር ነገር የለም። እነዚያን ቆርጦ ቢቀጥሉም ሞተሩ ይነሣል፣ ዓመታትም ይሠራል። ቱ ኬዲ ግን ኮመን ሬል ነው፤ ሬል የሚባለው ለኢንጀክተሮቹ ሁሉ ናፍጣ የሚያከፋፍለው የጋራ ቱቦ ነው። ናፍጣው፣ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ከ1000 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት፣ ሬሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ እያንዳንዱ ኢንጀክተር መቼ እንደሚከፈትና ለስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያደርገው ከሴንሰሮቹ በገመድ የሚደርሰውን መረጃ አምኖ ነው።

መቀጠል ለምን እንደሚጎዳ በሁለት ሴንሰሮች ላይ ማየት ይቻላል። የሬሉን ግፊት የሚለካው ሴንሰር የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። በክፉ የተቀጠለ ገመድ ወይም ዝገት የያዘው መገጣጠሚያ የአንድ አሥረኛ ቮልት ልዩነት ከፈጠረ፣ ያ ልዩነት በኮምፒዩተሩ ዘንድ የብዙ አሥር ባር ልዩነት ሆኖ ይነበባል፤ ሞተሩም ያለ በቂ ምክንያት ጉልበት ያጣል ወይም ያጨሳል። የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሴንሰር ደግሞ የራሱን ምልክት የሚያመነጭ የሽቦ ጥቅል ያለበት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያመነጨው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ፣ ከሌሎች ገመዶች የሚመጣ ረብሻ እንዳይነካው ታስቦ በተለየ ሁኔታ የተሸፈነ መስመር ተሰጥቶታል። ያ ሽፋን ተቆርጦ በናስትሮ ሲጠቀለል መኪናው በቀን፣ ሞተሩ ሞቅ ባለ ጊዜ ይነሣ ይሆናል፤ በደባርቅ ብርድ፣ ሌሊት አድሮ ባትሪው በደከመበትና ሞተሪኖው በዝግታ በሚያዞርበት ማለዳ ግን እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከብዙ ቅጥሎች መካከል የትኛው ላይ እንዳለ ፈልጎ ማግኘት፣ ዛሬ ዋየሪንጉን ፈትቶ ከማውጣት የበለጠ ቀን ይበላል።

ቀለምን ከቀለም ማገጣጠምም አስተማማኝ መንገድ አይደለም። የሁለት መኪኖች ሞተር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የተሠሩበት ዓመትና የተላኩበት አገር ሲለያይ ለአንድ ሥራ የተመደበው ገመድ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። በተለይ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት መስመሮች ኃይል የሚያገኙት ቮልቱን ከባትሪው 12 ቮልት በብዙ እጥፍ ከፍ ከሚያደርግ ሳጥን ነው። ያ መስመር በስሕተት ከሴንሰር መስመር ጋር ቢቀጠል ኮምፒዩተሩ ሊቃጠል ይችላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለም የኢንጀክተሮቹን ገመድ በእጅ መንካት አደገኛ መሆኑን ለረዳቶች ጭምር መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሁለቱን ሞተሮች፣ አሮጌው ገና መኪናው ላይ እያለ፣ በማስተያየት ይጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣው ሞተር ላይ ያሉት ሴንሰሮች ሶኬታቸው ከእርስዎ ጋር አንድ መሆኑ አንድ በአንድ ይታይ፤ የዲናሞው፣ የናፍጣ ፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭና የኢ ጂ አር ቫልቩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ሶኬቶች በተለይ ልዩነት የሚበዛባቸው ናቸው። ሶኬቱ የማይገጥም ሴንሰር ሲገኝ ገመዱን አይቁረጡ፤ የራስዎን ሴንሰር ወይም ዲናሞ ከአሮጌው ሞተር ፈትተው አዲሱ ላይ ያስሩ። የመጣው ሞተር ከሃይሉክስ የወጣ ከሆነ ደግሞ የዘይት ቋቱና ማሰሪያዎቹም ሊለዩ ስለሚችሉ ይህ ንጽጽር እጥፍ ጥቅም አለው። ኮምፒዩተሩም የራስዎ ይሁን። ቁልፍዎ ቺፕ ያለው ከሆነ የሚያውቀው የራሱን ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ኢንጀክተሮቹ አናታቸው ላይ የፊደልና የቁጥር ኮድ የተጻፈባቸው ከሆኑ፣ ኮዶቹን ከእነሲሊንደር ቁጥራቸው አሁኑኑ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ሞተሩ ከገባ በኋላ በምርመራ መሣሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት አለባቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ኮዱን ማየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ዋየሪንጉን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሶኬቶቹን ሁሉ ከሞተሩ ላይ ነቅሎ ዋየሪንጉን መኪናው ውስጥ ትቶ ሞተሩን ብቻ ማውረድ ነው። ሁለተኛው በሞተሩ በኩል ያሉትን ሶኬቶች ሳይነኩ፣ በኮምፒዩተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ነቅሎ ዋየሪንጉን ከሞተሩ ጋር አብሮ ማውረድ ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። በአባዱላ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ወንበሩ ተነሥቶ እንኳ እጅ የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው። በሞተሩ በኩል ያሉት ሶኬቶች ለዓመታት በሙቀት የደረቁ ናቸው፤ የመተማ ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት ፕላስቲካቸው በጣት ሲነካ የሚፈረፈርበት ጊዜ አለ። በጠባብ ቦታ፣ በማይታይ ነገር ላይ፣ በጉልበት መሥራት የሶኬት መሰበሪያ ነው። ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ሥር ያሉት የኮምፒዩተሩ ሶኬቶች ግን ሙቀትም ዘይትም ስላልነካቸው ጤናማ ናቸው፤ በቁጥርም ያነሱ ናቸው። ሞተሩ ከወረደ በኋላ ደካሞቹን ሶኬቶች በብርሃንና በሰፊ ቦታ በትዕግሥት መንቀል ይቻላል።

አንድም ነገር ሳይፈታ በፊት ፎቶ ይነሣ። ከላይ፣ ከሥርና ከጎን፣ ገመዱ በየት እንደሚያልፍና በየትኛው ክሊፕ እንደተያዘ በሚያሳይ መልኩ መሆን አለበት። ከዚያ ባትሪው ይላቀቃል፤ በቅድሚያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። መኪናው ኤርባግ ካለው ክሩስኮቱ አካባቢ ከመሥራት በፊት ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ የቶዮታ መመሪያ ነው፤ ቢጫ ሶኬት ያላቸው መስመሮች የኤርባግ ስለሆኑ አይነኩ። ወንበሩና የሞተሩ ክዳን ተነሥተው፣ የኮምፒዩተሩ መሸፈኛ ከተፈታ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ይጻፍበት፤ ያው ቁጥር ሶኬቱ በሚገባበት ቦታም ላይ ይጻፍ። በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ምልክት ግማሽ ሥራ ነው።

የሶኬት አነቃቀል ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። ሶኬቱ በመጀመሪያ ወደ ውጭ አይጎተትም፤ ወደ ውስጥ ትንሽ ይገፋል። እንዲህ ሲደረግ በመቆለፊያው ምላስ ላይ ያለው ጫና ይላላል፣ ምላሱም በአውራ ጣት ሲጫን በቀላሉ ይወርዳል። ከዚያ የሶኬቱ አካል በሁለት ጣት ተይዞ፣ በስሱ ግራና ቀኝ እየተነቀነቀ ይወጣል። ገመዱን ይዞ መሳብ ፒኑን ከውስጥ ያላቅቀዋል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል፣ ነገር ግን የማያስተላልፍ ሶኬት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ምላሱ በአቧራና በደረቀ ዘይት የተያዘ ከሆነ ካቻቪቴ ከመስደድ በፊት በኮንታክት ክሊነር አርሶ፣ በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ ጥቂት መጠበቅ ይሻላል። በሶኬቱ አፍ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበትም ሳይወድቅ ይጠበቅ፤ ውኃ የሚከለክለው እርሱ ነው።

የኮምፒዩተሩ በኩል ከተነቀለ በኋላ ዋየሪንጉ ከጓዳው (ከመኪናው ውስጠኛ ክፍል) ወደ ሞተሩ የሚያልፍበት ቀዳዳና ቀዳዳውን የዘጋው ጎማ ይገኛል። ጎማው በስል ነገር አይቀደድ፤ በትንሽ የሳሙና ውኃ አለስልሶ ከውስጥ ወደ ውጭ መግፋት ይበቃዋል። ሶኬቶቹ በቀዳዳው አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ላይ አያልፉም፤ ከማለፋቸው በፊት በፌስታል ተሸፍነው በፕላስተር ይታሰሩ። በክረምት፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ብዙ የጎንደር ጋራዦች ከፊል ሥራቸው ሜዳ ላይ ስለሚሠራ፣ መኪናው ላይ የሚቀረው የኮምፒዩተሩ አፍም እንዲሁ በደንብ ይሸፈን። በዚህ መካከል ሞተሩን በግፊት ውኃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ ከኮምፒዩተሩ ጋር የማይገናኙት ወፍራም መስመሮች ይፈታሉ፦ የሞተሪኖው ትልቁ ገመድ፣ የዲናሞው ዋና ገመድ፣ የካንዴላዎቹ መጋቢ፣ እንዲሁም የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመዶች። ማሳ ከሞተሩ ወደ ሻሲና ወደ ቦዲ የሚሄድ ስለሆነ የት የት እንደታሰረ በፎቶ ይያዝ፤ ከሞተር ቅያሪ በኋላ ከሚመጡ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የተረሳ ወይም ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ውጤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ዳዶ ከተፈታ በኋላ ወደ ቦታው በእጅ ይመለስ፣ እንዳይጠፋ።

ሞተሩ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ፣ ድጋፎቹ ከመፈታታቸው በፊት አንድ ሰው መብራት ይዞ ዙሪያውን ይመልከት። ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ሞተር ሲወርድ ያልተፈታ አንድ ገመድ ቢኖር አይቋቋመውም። አወራረዱም በአራት ጣት በአራት ጣት እየቆመ፣ ገመዱ እየታየ ይሁን።

ከወረደ በኋላ ሶኬቶቹ ከአሮጌው ሞተር ይነቀሉና ዋየሪንጉ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ቅርጹን እንደያዘ ይዘርጋ። የኢንጀክተሮቹ አራት ሶኬቶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቁጥራቸው ሳይጻፍ አይነቀሉ። የዚህ ሞተር የአቀጣጠል ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፤ የ2ኛውና የ3ኛው ሶኬት ቢለዋወጡ ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ በሁለት ሲሊንደር ብቻ ይንገዳገዳል። ከዚያ ዋየሪንጉ በጣት ይዳሰስ፤ በቱርቦው አጠገብ የደረቀ ቦታ፣ በብረት ማሰሪያ ላይ ሲፋተግ የተላጠ፣ አይጥ የነካው እንዳለ ይታያል። በቴስተር ሲለካ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች ከ1 ኦም በታች፣ መስመሩና ማሳው ደግሞ ከ10 ኪሎ ኦም በላይ ማሳየት አለባቸው፤ ልኬቱ ገመዱ እየተነቀነቀ ይሁን፣ ውስጥ ለውስጥ የተቆረጠ ሽቦ የሚጋለጠው ሲነቃነቅ ነውና። በአዲሱ ሞተር ላይ ያለውን የውኃ ሙቀት ሴንሰርም በዚሁ አጋጣሚ ይለኩት፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2.3 እስከ 2.6 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 0.3 ኪሎ ኦም ከሆነ ጤነኛ ነው።

ሲለብስ ገመዱ በፎቶው ላይ በነበረበት መንገድ ይሂድ፣ እያንዳንዱ ክሊፕም ቦታውን ይያዝ፤ የተሰበረው ክሊፕ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይተካ። ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ስለሚወዛወዝ፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሻገረው ክፍል ጥቂት ልል ይሁን። የማሳ መቀመጫዎች ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጉ። የጓዳው ቀዳዳ ጎማም ቦታውን በትክክል ካልያዘ፣ ዝናብና የሞተር ጭስ ወደ ተሳፋሪው ይገባል።

ባትሪው ከተያያዘ በኋላ ወዲያው ሞተሪኖ አይመታ። ቁልፉ ብቻ ይከፈትና የሞተር መብራቱ መብራቱ ይታይ፤ ጨርሶ ካልበራ ኮምፒዩተሩ ኃይል አላገኘም ማለት ነው። ናፍጣው በፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ይገፋ፣ የኢንጀክተሮቹ ኮድ ይግባ፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። ካልተነሣና የምርመራ መሣሪያው ፒ0335 ካሳየ የክራንክሻፍቱን፣ ፒ0340 ካሳየ የካምሻፍቱን ሴንሰር ሶኬትና መስመር ይመልከቱ፤ ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት።

ኤሌትራውቶ ልምዱ ካለው ይህ ሁሉ በሥራው ላይ የሚጨምረው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። የቤተሰብዎ ገቢ በዚህች መኪና ላይ የተመሠረተ መሆኑን ስለምናውቅ ነው እነዚህን ቀናት ይታገሡ የምንለው፤ ከተሳፋሪ ጋር መንገድ ላይ መቆም ከዚህ ይከብዳል። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚጻፍ በመሆኑ የሞተሩን መግዣ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ይዘው ቁጥሩን ማስለወጥንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ በአዘዞ አንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እየተለማመድኩ ነው። ዋየሪንግ አይቆረጥ ይባላል፤ ነገር ግን ተቆርጦ ወይም ሶኬቱ ተሰባብሮ የሚመጣ መኪና አለ። ያን ጊዜ እንዴት ነው የሚጠገነው?

ተለማማጅ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እኅታችን፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ከላይ ለጻፉልን ባለንብረት የመጣላቸው ዓይነት የተቆረጠ ዋየሪንግ ለአንቺ ሀብት ነው፤ እንዳይጣል። በላዩ ያሉት ሶኬቶች ከእነፒናቸው ጤነኞች ከሆኑ፣ የተሰበረውን ለመተካት ከዚያ የተሻለ መለዋወጫ በገበያ አይገኝም።

የተሰበረው የሶኬቱ ቤት ብቻ ከሆነ ገመድ መቁረጥ አያስፈልግም። በሶኬቱ አፍ በኩል እያንዳንዱን ፒን የያዘች ቀጭን ምላስ አለች፤ እርሷ በቀጭን መርፌ መሰል መሣሪያ ስትነሣ ፒኑ ከነገመዱ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ወደ አዲሱ ቤትም ይገባል። አንዱን አውጥተሽ አንዱን አስገቢ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታውጪ።

ገመዱ ራሱ ከተቆረጠ ውፍረቱ እኩል በሆነ ገመድ ይቀጠል። የአንድ እስር ቅጥሎች በአንድ ቦታ ላይ አይደርደሩ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ፣ እስሩ እንዳይወፍርና ሁለት ቅጥሎች እንዳይነካኩ። ቅጥሉ በልኩ በተሠራ የብረት ቱቦ ተጨምቆ፣ በሙቀት በሚኮማተር ውስጡ ሙጫ ባለው ፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን። ናስትሮ ብቻውን በሞተር አካባቢ አይበቃም፤ ሙጫው በሙቀት ቀልጦ ይፈታል። በሶልደር የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ያለቀበት ቦታ ገመዱ ደርቆ የሚሰበርበት ስለሆነ፣ ንዝረት ከሚበዛበት ርቆ በደንብ ይታሰር። የኤርባግ መስመር ከተነካ አትቀጥዪው፤ ሙሉው ይቀየራል። የክራንክሻፍቱ ሴንሰር መስመርም ከተቆረጠ ከሌላ ዋየሪንግ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒዩተሩ ሙሉውን ከነሽፋኑ አውጥተሽ ተኪው።

የቶዮታን የገመድ ንድፍ ስታነብቢ ቀለሞቹ በላቲን ፊደል ምህጻር ነው የሚጻፉት። ቢ ጥቁር ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ በኤል ይወከላል፣ ብዙ ጀማሪ ቢን ሰማያዊ እያለ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ምህጻር በሰረዝ ተያይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው የገመዱ ዋና ቀለም፣ ሁለተኛው በላዩ ያለችው ቀጭን መስመር ነው። ቀለሙ በዘይት ጠቁሮ ካልታየሽ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መጠቅለያውን ወደ ውስጥ ፈትተሽ ያልቆሸሸውን ክፍል ተመልከቺ፤ ከዚያም በቴስተር ሳታረጋግጪ አትቀጥዪ።